አንድ ራስ በሁለት ማሽን

መሪ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ማዕዶት፣

ካለሽበት አገር ብርድ ፈጣሪ ይሸፍንሽ። አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እዚህ ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አልወጣም፤ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ያለው መንገድ ዛሬም ጭቃ ነው። እናትሽና እኔ የእህትማማች ልጆች ብንሆንም አንቺን የማይሽ ከአብራኬ እንደወጣሽ ነውና፣ ለሌላ ሰው የማልጽፈውን ልጽፍልሽ ነው። «እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕር አንሥቼ ነበር። ከዚያ ቆምኩ። ደህና ልሁን አልሁን አላውቅም።

አብሮ የላክሁልሽ የጭንቅላቴ የኤም.አር.አይ ምስል ነው። ሥራሽ ይሄው ስለሆነ እንድታይልኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ግንቦት፣ የባለቤቴ የአካሉ ወንድም ዘመንፈስቅዱስ ሲያርፍ ነው። ቀብሩ እንጦጦ ላይ ነበር። አካሉ ወንድሙን እንዴት ይወደው እንደነበር ታውቂያለሽ። ሬሳው ሲወርድ ያ ሁሉ ሰው ሲንሰቀሰቅ ጠጋ አለኝና «ምሳ መቼ ነው?» አለኝ። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከቀብሩ ወደ ቤት የተመለሰው ሰው ግን ሌላ ነው። ፊቱ የአካሉ ነው፤ አረማመዱ፣ ሳሉ፣ አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር የሱ ነው። ጣፋጭ የማይወደው ሰው ስኳር በማንኪያ ይበላል። ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል፤ ዜማም አይባል፣ ሁለት ድምፅ ነው፤ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ። ሐምሌ ላይ ሻወር ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ጠራሁት፤ መጣ። በላዬ ተሻግሮ ፎጣውን ከመስቀያው አወረደ፣ ፊቱን አደራረቀ፣ ተመልሶ በላዬ ተሻግሮ ወጣ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። ምንም አይመስልም ነበር።

ለእህቱ ለበለጡ «ይሄ ሰውዬ አካሉ አይደለም» አልኳት። ምሳሌ መናገሬ አልነበረም፤ እንዲያው እንደተሰማኝ ነው የነገርኳት። መጀመሪያ ጸበል ወሰዱኝ፤ ቀጥሎ የነርቭ ሐኪም ዘንድ። ዶክተር ጋዲሴ ትባላለች፤ ደግ ሴት ናት። ምስሉን አስነሣችኝ፤ ውጤቱ በቀኝ በኩል የአንጎሌ ክሮች ተጎድተዋል ይላል። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ ሰው የገዛ ዘመዱን እያየ «መልኩ ነው እንጂ እሱ አይደለም» የሚልበት በሽታ አለ። ዓይን ፊቱን ያውቀዋል፤ ልብ ግን መልእክቱ አይደርሰውም፤ በመካከል ያለው መስመር ስለተበጠሰ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። የተለወጠው እሱ ነው ወይስ እኔ?

«አካሉ ሰላም ብሎሻል» ብዬ እንዳልጽፍልሽ፣ አላለሽም።

አክስትሽ ሰገነት


ትሮንድሄም፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎት አክስቴ ሰገነት፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንብቤ ስጨርስ ኮቴን ለብሼ ወደ ውጭ ወጣሁ። እግዚአብሔር እርስዎንም ቤትዎንም ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን።

ምስሉን አየሁት። እንደሚገባዎ አድርጌ ለማስረዳት ልሞክር። ማሽኑ የአንጎልን ክሮች በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው ውሃን ነው። አንጎላችን ውስጥ ያለው ውሃ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። ክሩ ጤነኛ ከሆነ ውሃው ክሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ክሩ ከተጎዳ በየአቅጣጫው ይበተናል። ያንን እንቅስቃሴ ወደ ቁጥር እንለውጠዋለን። የእርስዎ ቁጥር በአንድ ቦታ ዝቅ ብሏል፤ «ተጎድቷል» ያሉት እሱን ነው።

ነገር ግን ቁጥሩ እንደ ማሽኑ ይለያያል። አንድ ሰው ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ቢነሣ ሁለት የተለያየ ውጤት ሊወጣ ይችላል፤ ሰውየው ምንም ሳይሆን። የእኔ የዘወትር ሥራ ማሽኖቹን ማስማማት ነው። የእርስዎን ቁጥር ያመዛዘኑት ደግሞ በሌላ አገር፣ በሌላ ማሽን ከተነሡ ጤነኞች ጋር እንደሆነ ከወረቀቱ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመደምደማቸው በፊት ሌላ ቦታ ሄደው አንድ ጊዜ ቢነሡ ደስ ይለኛል።

ሐኪሟ የነገሩዎትን በሽታ አውቀዋለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚረዳ መድኃኒትም አለ።

ጋሼ አካሉ ጋ ደወልኩ። ደህና ናቸው። በፊት ስደውል «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ ስልኩን አላዘጋ ይሉኝ ነበር፤ አሁን «ደህና ነኝ» ብለው ዘጉት። መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል።

በፍቅር፣
ማዕዶት


መሪ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማዕዶት፣

የቤትሽ ሰላም አይጓደል። «የሚያሳፍር ነገር የለውም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው እንዲህ የሚለው ለታመመ ሰው ነው።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ አዲስ የተከፈተ የምርመራ ቤት አለ፤ እዚያ ተነሣሁ። ውጤቱ «ጤነኛ» ይላል። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አያቸዋለሁ። ባንዱ ታምሜአለሁ፣ ባንዱ ደህና ነኝ፤ ይዤ የሄድኩት ግን ያንኑ አንድ ጭንቅላት ነው። ዶክተር ጋዲሴ «ምልክቱ ካለ የመጀመሪያውን ነው የማምነው» ብላ መድኃኒቱን ጀምሪ አለችኝ። ምልክቱ እንግዲህ «ባሌ ባሌ አይደለም» ማለቴ ነው።

ወሬው ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ውሰጂ ብሎኛል፤ ይህን ያህል ዘመን አማርኛ ሳስተምር ዕረፍት ለምኜ እንኳ አላገኝም ነበር። ጎረቤቴ ጂቱ ልጇን ለጥናት ወደ እኔ መላክ ትታለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ በጣም ትስቅልኛለች፤ ስትፈራ ነው።

እሱን ተከትዬው ነበር። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ይወጣል። በግቢው አጥር ዙሪያ ይሄዳል፣ ጥጉ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ በግንባሩ ነካ ያደርጋል፣ ዞሮ ይመለሳል፤ እንደገና ያንኑ ይደግማል። ሰው ሰላም ሲለው አይሰማም። ፀሐዩ ድምቅ ብሏል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ፤ እሱ በመካከላቸው ይዞራል፤ ማንም ልብ አይለውም። ፊት ለፊቱ ሄጄ ተገተርኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። መንገድ ዳር የቆመ መኪና እንደሚታለፍ ዞሮኝ አለፈ።

በለጡ ቤቱን ለቅቄ እንጦጦ፣ ጸበሉ አጠገብ እንድከርም ከዘመዶቹ ጋር ተማክራ ወስናለች። «እኔ ከሄድኩ እሱስ ከማን ጋር ይሆናል?» አልኳት።

«እሱ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ደህና ሰው!» አለችኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አባትሽ በሕይወት ስላልነበረ ሠርግሽ ላይ በአባት ቦታ ሆኖ የመረቀሽ አካሉ ነው። ያን ጊዜ የተቀረጸው ቪዲዮ ካለሽ ላኪልኝ። የድሮውን ማየት እፈልጋለሁ። የማስታውሰው ሰው በእርግጥ ኖሮ እንደሆነ መጠራጠር ጀምሬአለሁ።

ሰገነት


ትሮንድሄም
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎት አክስቴ፣

ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ፤ ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ። ገናንና ጥምቀትን በሰላም አሳልፈው ከሆነ ተመስገን።

ቪዲዮውን ልኬልዎታለሁ። ከመላኬ በፊት እኔም አየሁት። ጋሼ አካሉ ሲመርቁኝ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ ብሎ እንዳለቀሱ ረስቼው ነበር።

ስለ ሁለቱ ውጤቶች ብዙ አሰብኩ። ወረቀት ብቻ አይቶ የትኛው እንደተሳሳተ ማወቅ አይቻልም። በእኛ ሥራ የታወቀው መንገድ አንድ ጤነኛ ራስ በተቀራረበ ጊዜ በሁለቱም ማሽኖች ማሳለፍ ነው። ጤነኛው ራስ በመጀመሪያው ማሽን የተጎዳ መስሎ ከወጣ፣ ጉዳቱ የማሽኑ ነው። ጤነኛ ሆኖ ከወጣ ደግሞ... ያኔ እንነጋገራለን።

ያ ራስ የእኔ ይሁን። ለሥራዬ ስል ብዙ ማሽን ውስጥ ተኝቻለሁ፤ የራሴን ቁጥሮች በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ዶክተር ጋዲሴ ጋ ጽፌ ነበር፤ ወዲያው መለሱልኝ፤ ሁለቱንም ቦታ ያስፈቅዱልኛል። መድኃኒቱን ለጊዜው እንዲያቆዩትም ተስማምተዋል። የካቲት ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ እንጦጦ አይውጡ፤ ለእትዬ በለጡ እኔ እደውልላቸዋለሁ።

ማዕዶት


መሪ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማዕዶት ልጄ፣

መንገድሽ የቀና ይሁን። መምጣትሽን አትንገሪው። እንዲያው በር አንኳኪና ግቢ። እኔን ምንም አትጠይቂኝ፤ ያየሁትን ከኔ አፍ ሰምተሽ እንዳታዪው እፈልጋለሁ። አጠገቡ ተቀመጪ፣ አነጋግሪው። ከዚያ የመሰለሽን ትነግሪኛለሽ፤ «አክስቴ፣ እሳቸው ጋሼ አካሉ ናቸው» ብትይኝ መድኃኒቱን እውጣለሁ፤ እምልልሻለሁ።

ቪዲዮው ደርሶኛል። አልከፈትኩትም። ትናንት ስልኬን ይዤ ሳመነታ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት። መቼ እንደመጣ አልሰማሁም። «ምንድነው?» አላለም። ቆሞ ትከሻዬን ሲያይ ቆየና ሁለቱን ድምፅ እያንጎራጎረ ሄደ።

ሰገነት


ትሮንድሄም
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎትና የምወድዎት አክስቴ፣

በሰላም ገባሁ። ቤትዎ ስላስተናገዱኝ፣ በፍርሃትዎ መካከልም ጥሬ ሥጋ አስመጥተው ስለጋበዙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንለያይ አቅፌዎት ዝም ማለቴ አሳዝኖዎት እንደሆነ አውቃለሁ። ቁጥሮቹን አስልቼ ሳልጨርስ አፌን መክፈት አልፈለግሁም ነበር። አሁን ጨርሻለሁ።

የእኔም ራስ በመጀመሪያው ማሽን ታሞ ወጣ። በቀኝ በኩል፣ እርስዎ ተጎድተዋል በተባሉበት በዚያው ቦታ፣ በተቀራራቢ መጠን። በሁለተኛው ጤነኛ ነኝ። ከሁለቱም ቤት ፈቅደው የተነሡ ሠራተኞችም እንደዚያው ናቸው። በዚያ ማሽን ውስጥ የገባ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ይታመማል ማለት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ለተለመደው ምርመራ ምንም አይልም። የራሱ መለኪያ እያለው በሌላ መለኪያ ስለተነበበ ነው። ልዩነቱን ቀንሼ ሳየው ሁለቱ ምስሎችዎ አንድ ሆኑ።

አክስቴ፣ ጤነኛ ነዎት። ሁሉንም ለዶክተር ጋዲሴ ልኬአለሁ፤ አይተው ተስማምተዋል።

ያልነገርኩዎት ግን ሌላ ነገር አለ። ቲማቲም ሊገዙ ወርደው ጋሼ አካሉና እኔ ብቻችንን የቀረን ጊዜ የሆነውን ነው።

ባለፈው ኅዳር ጽንስ ተጨናግፎብኛል። ጣጣ ያልኩዎት እሱ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። ጋሼ ልጅ ሳለሁ ጉልበቴ ሲላጥ ከእኔ ብሰው የሚያለቅሱ ሰው ነበሩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው። ሳወራ እንባዬ መጣ። ጨርሼ ቀና ስል ፊቴ ያለውን ሳህን እያዩ ነበር።

«ብርቱካኑን ትጨርሺዋለሽ?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ልጣጩንም በሉት።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የሠርጉን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። «ይሄ ማነው?» አልኳቸው።

«እኔ» አሉ ሳያመነቱ።

«ለምንድነው የሚያለቅሱት?»

ያንጎራጉሩ የነበረውን አቆሙ። ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩት፣ ራሳቸውን ዘመም አድርገው፤ መስኮት ላይ የቆመ ወፍ ሰው እንደሚያይ። ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣

«ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ።

ቀትር ነበር፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ የልጆች ድምፅ ከታች ይሰማል። እኔ ግን ከማላውቀው ሰው ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ እርስዎ እስኪመጡ ጠበቅሁ። ሲመለሱ «ምነው ፀሐዩን?» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን የምለምንዎት ከባድ ነው። ጋሼ አካሉን ይውሰዷቸው። በሁለቱም ማሽኖች ይነሡ፤ ልዩነታቸውን አሁን ስለምናውቅ ማሽኖቹ ሊያታልሉን አይችሉም። ዶክተር ጋዲሴ ይጠብቁዎታል።

ማዕዶት


እንጦጦ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ማዕዶት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስላጣሽው ልጅ ፈጣሪ ያጽናሽ፣ ማኅፀንሽንም ይባርክልሽ። ያን ቀን ከአካሉ አፍ ልትሰሚ ፈልገሽ ያጣሽውን እኔ ልበልሽ፤ ምን ሊልሽ እንደሚችል አውቃለሁ። «እንዲህ ያለውን ነገር ብቻሽን ስትሸከሚ ከረምሽ? ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ» ይልሽ ነበር። ከዚያ ያለቅስ ነበር። አንቺ ታባብዪው ነበር።

ስልክ አላነሣ ብዬ፣ መልስም ነፍጌ ሰነበትኩ። ውጤቱን ከዶክተር ጋዲሴ እንደሰማሽ ስለማውቅ ነው፤ እኔ ግን በራሴ እጅ እስክጽፈው ጊዜ ፈለግሁ።

ወሰድኩት። እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለምን እንደምንሄድ እንኳ አልጠየቀም። እኔ ማሽኑ ውስጥ ስገባ በዚያ ጩኸት ልቤ ልትወጣ ነበር። እሱ እንደ እንጨት ተኛ። ያነሣው ልጅ «እንዲህ የማይንቀሳቀስ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ አመሰገነልኝ። በመስታወቱ አየሁት፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ካልሲውን ያጠብኩለት እኔ ነኝ፣ እግሮቹን አውቃቸዋለሁ። ቢሆንም በዚያች ሰዓት ማሽኑ ባዶ መሰለኝ።

ሁለቱ ማሽኖች በኔ ላይ ሳይስማሙ ቆይተው በሱ ላይ ተስማሙ። የአንጎሉ የፊት ክፍል ሳስቷል፤ ከፊት የሚነሡት ክሮች ሟሽሸዋል። ዶክተር ጋዲሴ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ አስረዳችኝ። በሽታው ማስታወሱን፣ ስም ማወቁን ለጊዜው አይነካውም አለች፤ መጀመሪያ የሚወስደው ለሰው ማዘንን ነው። ከጀመረ ዓመታት ሆኖት ይሆናል። የሚመልሰው መድኃኒት የለም። «ሌሎች ሳያዩት አንቺ ያየሽው አብረሽው ስለምትኖሪ ነው» አለችኝ። በለጡ ሰምታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እውነቴን ነበር፤ ግን እውነቴን መሆኑን ማን ፈለገው? መድኃኒቱን ውጬ ጠዋት ስነሣ አካሉን አልጋው ላይ ማግኘት ነበር የምፈልገው።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ይሄ ሌላ ሰው ከሆነ እውነተኛው አንድ ቦታ አለ ብዬ አስብ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ መገናኛ ላይ በሚተራመሰው ሰው መካከል ፊቱን እፈልግ ነበር። እብደት ከነበረብኝ እሱ ነው። አሁን መፈለጌን ትቻለሁ። የትም አልሄደም። እዚያው ሶፋችን ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዜና እያየን ነው ያለቀው፤ እኔም ሻይ እያቀረብኩለት።

መሪ መኖር አልቻልንም። ዝም ብሎ የሰው ቤት መግባት ጀመረ፤ አንድ ቀን ጂቱ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆሞ አግኝታው ጮኸች። ነገሩ ሲገባት አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ዕቃችንን ስናወርድም ከልጇ ጋር አብራን ዋለች። አሁን እንጦጦ፣ በለጡ ግቢ ነን። አጥሩ ሰፊ ነው፤ በባሕር ዛፉ መካከል እንደልቡ ይዞራል። ትምህርት ቤቱ ለመስከረም ተመለሺ ብሎኛል፤ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወርጄ ልሄድ አስቤአለሁ፤ በለጡ ትይዘዋለች።

ትናንት ጉም ወርዶ ዛፎቹ አይታዩም ነበር። አካሉን ልጠራ ወጣሁ። ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ እዚህ ነው ስል እዚያ፤ ከዚያ ዝም አለ። ስሙን ጠራሁ። ልመለስ ስዞር አጠገቤ ቆሟል፤ ፊቱ በጉሙ ርሷል።

«እንግባ፣ ይበርድሃል» አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም። ካንዴም ሁለቴ አልኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ለምን እንደዘረጋው አላውቅም። ዶክተር ጋዲሴን ብጠይቃት ምን ብላ እንደምታስረዳኝ አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። እንደተያያዝን ወደ ቤት ገባን።

አክስትሽ ሰገነት